ፕሮፎርማ ወስዶ ድምፁን ላጠፋ ደንበኛ፦ ቴሌግራም ወይስ በአካል ብቅ ማለት?

የቢሮ ወንበርና ጠረጴዛ እሸጣለሁ። ፕሮፎርማ ወስዶ ድምፁን የሚያጠፋ ደንበኛ በሽ ነው። ያኔ ወይ በቴሌግራም እጽፋለሁ፣ ወይ ቢሮው ብቅ እላለሁ።

ቴሌግራሙ ቀላል ነው። ትራንስፖርት የለ፣ ደጅ ጥናት የለ። ችግሩ፣ ሁለቷ ራይት ትመጣለች፤ መልሱ አይመጣም። "ሰላም፣ ከምን ደረሰ?" ብሎ መጻፍማ ከንቱ ነው። "እያየነው ነው" ይባላል፣ አለቀ። ስለዚህ ቁርጥ ያለ ነገር እጽፋለሁ፦ "የሰጠኋችሁ ዋጋ የሚቆየው እስከ ዓርብ ነው። ላድሰው ወይስ ዕቃውን ለሌላ ልልቀቀው?" "ለሌላ" የምትለዋ ቃል ስንቱን ዝምተኛ አናግራለች!

በአካል መሄድ ግማሽ ቀን ይበላል። የአዲስ አበባን ትራፊክ ለሚያውቅ ምን እነግረዋለሁ። ግን የዝምታው ምክንያት የሚገኘው እዚያ ነው። አንድ ቀን ሄጄ የግዥ ሠራተኛዋ ፋይሉን ገልጣ አሳየችኝ። የእኔ ፕሮፎርማ ብቻውን ተኝቷል። ለካ ሦስት ፕሮፎርማ ካልተሟላ ኮሚቴው አያየውም! "ወንድሜ፣ እኛም ሌሎቹን እየጠበቅን ነው" አለችኝ። እኔ ደግሞ ዋጋዬ ተወዶባቸው ነው ብዬ ቅናሽ ላደርግ ነበር። ይህን በቴሌግራም ማን ይጽፍልኛል?

ለአምስት ወንበር ቴሌግራሙ ይበቃል። ለትልቁ ሽያጭ ግን እግሬን አምናለሁ፤ በተለይ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት። የበጀት ዓመታቸው ሰኔ 30 ስለሚያበቃ፣ ግንቦት ሲገባ ጫማዬን አስጠርጌ እወጣለሁ።