ጋዝ የሚያስቀምጥ የቱን ይምረጥ? ያለቀ የጋዝ መስክ ወይስ የጨው ዋሻ

የተፈጥሮ ጋዝ የሚቀመጥበት የከርሰ ምድር ማከማቻ ለመከራየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ይይዛል?" ብሎ ነው። እኔ ግን "በቀን ስንት ይወጣል?" የሚለውን አስቀድሙ እላለሁ። ብርዱ የበረታ ዕለት የማይወጣ ጋዝ ቢከማች ምን ይረባል?

ብዙ ሰው ጋዙ መሬት ውስጥ እንደ ጋን ባለ ባዶ ቦታ የተቀመጠ ይመስለዋል። አብዛኛው ግን ያለው አለት ውስጥ ነው። የአሸዋ ድንጋይ በእጅ ሲይዙት ድፍን ይመስላል። ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ምጥጥ ያደርገዋል። ጋዙም የሚገባው እነዚያ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። ከላይ ጋዝ የማያሳልፍ ሌላ አለት ይከድነዋል።

ያለቀ የጋዝ መስክ፣ ማለትም የተፈጥሮ ጋዙ ወጥቶ ያለቀበት ቦታ፣ እንዲህ ነው። ጋዙን ለሚሊዮን ዓመታት ይዞ ስለኖረ አለቱ ተፈትኗል። ጉድጓዱና ቧንቧውም ብዙ ጊዜ ቀድሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ1915 ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ የተሳካው የመጀመሪያው ሙከራም በዚህ ዓይነት መስክ ነበር። ሰፊ ነው፤ ግን ዝግ ይላል። ጋዙ በቀዳዳዎቹ መሃል እየተሹለከለከ ነው ጉድጓዱ ጋ የሚደርሰው። ስለዚህ ባብዛኛው በሞቃት ወራት ተሞልቶ በብርድ ወራት ይወጣል፤ በዓመት አንዴ። ከጋዙ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ግፊት ለመጠበቅ እዚያው ይቀራል። ያ የታሰረ ገንዘብ ነው።

የጨው ዋሻ ሌላ ነገር ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃ ይለቀቅበታል፤ ጨው ይሟሟል፤ ጨዋማው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። ለአንድ ሜትር ኪዩብ ቦታ ከ7 እስከ 10 ሜትር ኪዩብ ውሃ ያስፈልጋል። ሥራው ዓመታት ይፈጃል፤ ወጪውም ከባድ ነው። ሲያልቅ ግን እውነተኛ ባዶ ክፍል ይሆናል። ቫልቭ ሲከፈት ጋዙን የሚያጓትተው አለት የለም። በዓመት ደጋግሞ መሙላትና ማውጣት ይቻላል። እታች የሚቀረውም ከሩብ እስከ ሲሶ ገደማ ነው።

ውሃ ያዘለ አለትም አለ። ሌላ አማራጭ በሌለበት አካባቢ ብቻ እዩት። ጋዝ መያዙ አስቀድሞ አልተፈተነም፤ እታች የሚቀረው ጋዝም እስከ 80 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

ፍላጎታችሁ ለብርድ ወራት ማሞቂያ ከሆነ ያለቀው መስክ ይበቃችኋል። የነፋስ ኃይል ሲጎድል የሚነሳ፣ ሲነፍስ የሚጠፋ በጋዝ የሚሠራ የኃይል ማመንጫ ካላችሁ ግን ለጨው ዋሻው ጨምራችሁ ክፈሉ። በሁለቱም ግፊት ሲወርድ የዕለት መጠኑ ይወርዳል። ስለዚህ ማከማቻው ሲሞላ ብቻ ሳይሆን ግማሽ ሲሆንና ሩብ ሲቀረው ስንት እንደሚሰጥ ውሉ ላይ ይጻፍላችሁ።

የጉድጓዶቹንም ዕድሜ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ካሊፎርኒያ፣ አሊሶ ካንየን በተባለው የጋዝ ማከማቻ ላይ 100,000 ቶን ገደማ ሚቴን (የተፈጥሮ ጋዝ ዋናው ክፍል) ያፈሰሰው አለቱ አይደለም። በ1950ዎቹ የተቆፈረ ጉድጓድ የብረት ቧንቧ ዝጎ ነው። ለማስቆም አራት ወር ገደማ ወስዷል።