አውራ ጣቴ ላይ የከረመው የምርጫ ቀለም፦ ከአምስት ኮከብ አራት

ባለፈው ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጠሁ። የሦስተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ስለ ምርጫ ጣቢያው ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን የምጽፈው ጣት ላይ ስለሚቀባው የማይለቅ ቀለም ነው። ከዚያ በፊትም አውቀዋለሁና። የማይለቅ የሚያደርገው ሲልቨር ናይትሬት ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ላብራቶሪ ውስጥ ጠብ ብሎብኝ ጣቶቼ ጠቁረው ሰንብተዋል።

በማግስቱ ፈተና ስለነበረኝ ሰልፉ ላይ ኖቴን እያነበብኩ ቆየሁ። ተራዬ ሲደርስ ስሜን ከመዝገቡ ፈልገው አስፈረሙኝ። "አውራ ጣትሽን አምጪ የኔ ልጅ" አለችኝ አስፈጻሚዋ። ጠርሙሱን ነቅነቅ አድርጋ፣ በትንሿ ብሩሽ ከጥፍሬ ጀምራ እስከ ቆዳው ድረስ ቀባችኝ። ቀዝቀዝ ይላል። መልኩ ወይን ጠጅ ነው።

ዶርም ስመለስ በሳሙና ፈትጌ ታጠብኩ። ሆን ብዬ ነው፤ ልፈትነው ፈልጌ። ወይን ጠጁ አብዛኛው ታጥቦ ሄደ። አንዷ የዶርሜ ልጅ "ለቀቀ እኮ!" ብላ ደነገጠች። ቆይ አልኳት። መስኮት ዳር ተቀምጬ ሳጠና ቆየሁና ስናየው ጣቴ ጠቁሯል። ወይን ጠጁ ለጊዜው እንዲታይ የተጨመረ ማቅለሚያ ነው። ዋናው ሥራ ከሥር ነው ያለው። ሲልቨር ናይትሬቱ ቆዳችን ላይ ካለው ጨው ጋር ሲገናኝ ሲልቨር ክሎራይድ ይሆናል። እሱ ደግሞ በውሃ አይሟሟም፤ ብርሃን ሲነካው ይጠቁራል። የቆዳው ቆዳው ሲታደስ ይሄዳል። የጥፍሩ ግን ጥፍሩ እስኪያድግ ይጠብቃል። በማስመሪያ ለካሁት፤ በአንድ ወር ውስጥ ከሥር ንጹሕ ሆኖ የበቀለው 3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው።

ይህ ለእኛ ለተማሪዎች ትልቅ ነገር ነው። ተማሪ ሁለት አድራሻ አለው፤ የቤተሰቡና የዶርሙ። ሁለት ቦታ ተመዝግቦ ሁለት ጊዜ ሊመርጥ የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ ጣቱ ያጋልጠዋል። ህንድ ይህን ቀለም በምርጫ መጠቀም የጀመረችው በፈረንጆቹ 1962 ነው፤ ዛሬም ድረስ ትጠቀምበታለች። ቀለሙ ላይ እምነት ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ደግሞ በፈረንጆቹ 2004 አፍጋኒስታን ውስጥ ታይቷል። በፕሬዚዳንት ምርጫው ቀን ቀለሙ ይለቃል የሚል አቤቱታ ተነሳ፤ በርካታ ተወዳዳሪዎችም ከምርጫው ራሳቸውን እንዳገለሉ ተናገሩ።

ከዶርማችን ልጆች አንዷ ማንን እንደመረጥኩ ከቀለሙ ይታወቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይታወቅም። መምረጥሽን ይናገራል እንጂ ማንን እንደመረጥሽ አይናገርም አልኳት። እሷ የምዝገባው ጊዜ ከሚድ ፈተና ጋር ተጋጭቶባት ሳትመዘገብ ቀርታለች። ጣቴን ይዛ ገልበጥ እያደረገች ስታየው አሳዘነችኝ። "ነገ እመዘገባለሁ" እያልን አብረን ነበር የምናራዝመው። እኔ የሄድኩት በመጨረሻው ቀን ነው።

አንዱን ኮከብ የቀነስኩት ለአቀባቡ ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ ወረቀቱን ሰጡኝ። ከኋላ ሰልፉ ይገፋል፤ "ትንሽ ጠብቂ" ያለኝ የለም። ምልክት አድርጌ ወረቀቱን ሳጥፍ የአውራ ጣቴ አሻራ በሌላ ዕጩ ሳጥን ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ! ልቤ ቀጥ አለች። ሁለት ምልክት ነው ብለው ድምፄን ቢጥሉትስ? ሳጥኑ ውስጥ ከመክተቴ በፊት ተመልሼ ነገርኳቸው። ደግነቱ አስፈጻሚዋ አልተቆጣችም። ወረቀቱን የተበላሸ ብላ ለብቻ አስቀምጣ ሌላ ሰጠችኝ። እዚያው የሚያፍር ሰው ቢሆን ግን ዝም ብሎ ከትቶት ይሄድ ነበር። አንድ ደቂቃ መጠበቅና ጠረጴዛው ላይ መጥረጊያ ማስቀመጥ ያን ያህል ከባድ አይደለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትመርጡ ከሆነ ጣታችሁን እፍ እፍ በሉበት። ወረቀቱን በሌላኛው እጃችሁ ያዙ። ከተበላሸባችሁ ሳትከቱ ቀይሩልኝ በሉ። እኔ በሚቀጥለው ምርጫ ኪሴ ውስጥ ሶፍት ይዤ ነው የምሄደው፤ አንዱን ለዶርሜ ልጅ።