ምጣድ፣ ፍሪጅ፣ አምፖል፦ የዳር ሰፈር መስመር የትኛውን ይችላል?

ኮዬ ፈጬ በገባን በሁለተኛው ሳምንት ነው። ምጣዱን ወጥ ቤት ካለው ሶኬት ሰክተን አምስተኛው እንጀራ ላይ ስንደርስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ወንዴውና ሴቴው ሶኬት ቀልጠው ተጣብቀዋል። ያን ዕለት ምጣዱን ረገምኩት። የሰፈራችን ኤሌክትሪሽያን መጥቶ ሶኬቱን ከግድግዳው ሲፈታው ግን ምጣዱ ነጻ ወጣ፤ ጥፋቱ ከጀርባ የነበረው ቀጭን ሽቦና የላላ ብሎን ነበር። ሻጩ ስለ ዋስትናው ሲያወራልኝ ውሎ ስለ ሽቦ ትንፍሽ አላለም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ ዕቃ ስገዛ መጀመሪያ የማስበው መስመሬን ነው። መሃል ከተማ ላለ ዘመድ የተመቸ ፍሪጅ ቱሉ ዲምቱ ወይም አራብሳ ሲመጣ ላይመች ይችላል። ዋጋ አልጻፍኩም፤ መርካቶ ጠዋት የሰማችሁት ዋጋ ከሰዓት ሌላ ነው።

ከሁሉ በፊት ቮልታችሁን እወቁ

የአገራችን የቤት መስመር 220 ቮልት ነው፤ በወረቀት። ከትራንስፎርመሩ የራቀ ቤት፣ በተለይ ሁሉም ሰው ራት በሚሠራበት ሰዓት፣ ከዚያ ያነሰ ይደርሰዋል። ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ የቮልት መለኪያ ግዙና ለአንድ ሳምንት ንጋት ላይ፣ እኩለ ቀን ላይና ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ያየችሁትን ጻፉ። የእኔ ቤት ንጋት 11 ሰዓት ላይ 221፣ ምሽት ላይ 180 ያሳያል። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ከታች ፎቅ ያሉት እማማ «ከእንግዲህ የማታ እንጀራዬም ዓይን ያወጣል» ብለው ነበር። ግድቡ የሚያመነጨው ኃይል እኛ ጋ የሚደርሰው ግን በዚያው በሰፈራችን ትራንስፎርመርና በዚያው ቀጭን መስመር በኩል ነው።

180 ከ220 ብዙ የማይርቅ ይመስላል። ነገር ግን ሽቦ አግሎ የሚሠራ ዕቃ ሁሉ፣ ምጣድም፣ ምድጃም፣ የውሃ ማሞቂያም፣ ቮልቱ ትንሽ ሲወርድ ጉልበቱ በብዙ ይወርዳል። በ220 ቮልት 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ180 ቮልት የሚያገኘው 2340 ዋት ገደማ ነው። ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። ስንቱ ሰው ነው ሊጡንና አብሲቱን ሲወቅስ የሚያመሸው!

የሸክላ ምጣድ ወይስ ቀጭኑ የማያጣብቅ?

የሸክላው ለመጋል ሩብ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፣ ከባድ ነው፣ ከወደቀ አለቀለት፣ መጀመሪያም ማሟሸት አለበት። አንዴ ከጋለ ግን ሙቀቱን አምቆ ይይዛል። ቮልቱ ለጥቂት ደቂቃ ቢዋዥቅ እንጀራው አያውቅም፤ ሊያልቅ ሁለት እንጀራ ሲቀረውም አጥፍታችሁ በተረፈው ሙቀት መጨረስ ትችላላችሁ። ቀጭኑ፣ ብረት ላይ የማያጣብቅ ቅብ ያለው፣ ቶሎ ይግላል፣ ማሰሻ አይፈልግም፣ ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ይቀመጣል። ለሁለት ሰው፣ በሳምንት አምስት ስድስት እንጀራ ለሚጋግር ቤት ይበቃል። ስንቅ የለውም እንጂ፤ ቮልቱ በወረደ ቅጽበት እሱም ይቀዘቅዛል። ቅቡ አንዴ ከተፋቀ ደግሞ የሚመልሰው የለም።

ቤተሰባችሁ ሰፊ ከሆነና የምሽት ቮልታችሁ ከ200 በታች ከሆነ ያለ ማመንታት ሸክላውን ውሰዱና ንጋት ላይ ጋግሩ።

ከሁለቱ የትኛውንም ብትወስዱ ግን ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት ለ220 አካፍሉት። 3500 ዋት ማለት 16 አምፔር ማለት ነው፤ ጥሩ የሚባለው የግድግዳ ሶኬት የመጨረሻ አቅሙ እዚያው 16 ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ በመጨረሻ አቅሙ የሚሠራ ሶኬት ምን እንደሚሆን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ስለዚህ ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ ብቻውን የሚመጣ ባለ 4 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) የመዳብ ሽቦና የራሱ ባለ 20 ወይም ባለ 25 ብሬከር አስገቡለት። ሽቦ ስትገዙ ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጉ፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነውና ለባለቤቱ መልሱለት። ምጣድ ዲቫይደር ላይ አይሰካም።

ስለ ጥገናውም አንድ ነገር ልጨምር። የምጣድ ሽቦ ሲበጠስ የተቃጠለውን ቆርጦ ቀሪውን መጠምዘዝ የተለመደ ነው። ሽቦው ባጠረ ቁጥር ግን የሚስበው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፤ «ከተጠገነ ወዲህ ቶሎ ይግላል» የሚባለው ምጣድ ቀስ በቀስ ሶኬቱንና ቆጣሪውን እየበላ ነው። ሙሉ ሽቦውን አስቀይሩ፤ የመሬት ሽቦውም መገናኘቱን በዚያው አሳዩት። ምጣድ የሚነዝረው አብዛኛውን ጊዜ ሊጥ ፈስሶ ሽቦው ጋ ሲደርስና የመሬት ሽቦ ሳይኖር ሲቀር ነው።

ተራው ፍሪጅ ወይስ ኖ ፍሮስት?

ሱቅ ውስጥ ዓይን የሚስበው ኖ ፍሮስቱ ነው። በረዶ አይጋግርም፤ ቅዝቃዜውን በማራገቢያ ያዳርሳል፣ ውርጭ ሲይዘውም ውስጡ ያለች ማሞቂያ ታቀልጠዋለች። ተራው ግድግዳው ላይ በረዶ ይጋግራልና በየወሩ ወይ በየሁለት ወሩ አጥፍቶ ማቅለጥ የእናንተ ሥራ ይሆናል። መሃል ከተማ ያለ ሰው ቢጠይቀኝ ኖ ፍሮስቱን እላለሁ። መብራት አምስትና ስድስት ሰዓት በሚጠፋበት ሰፈር ግን ያ የምንማረርበት በረዶ ስንቅ ይሆናል፤ እስኪቀልጥ ድረስ ሥጋውን ያቆየዋል። እኛ በዚያ ላይ ባዶውን ቦታ ውሃ በሞሉ ሃይላንዶች እንሞላዋለን።

ሌላው ጥገናው ነው። ተራው ፍሪጅ ቢበላሽ ቴርሞስታቱን ወይም የኮምፕረሰሩን ማስነሻ የሰፈር ባለሙያ በአንድ ከሰዓት ይቀይረዋል፤ ያገለገለ መለዋወጫም ምን አለሽ ተራ አይጠፋም። ኖ ፍሮስቱ ማራገቢያ፣ ማሞቂያ፣ ሴንሰርና ካርድ (የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) አለው። የቮልት ዝላይ ቶሎ የሚገድለው ካርዱን ነው፤ ካርድ የሚጠግነው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከተማ ነው ያለው። ፍሪጁን ከአራተኛ ፎቅ አውርዶ፣ አይሱዙ ላይ ጭኖ፣ ሄዶ መመለስ ምን እንደሆነ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ላለ ሰው አልነግረውም። ኢንቨርተር ኮምፕረሰር ያለው ፍሪጅ ረጋ ብሎ ስለሚነሳና ትንሽ ስለሚበላ ጥሩ ነው፤ እሱም ግን ካርድ አለውና ያለ መከላከያ አትሰኩት።

አንድ ሻጭ የማያነሳው ነገር አለ፤ ብርዱ። ፍሪጁ ጀርባ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ የአየር ጠባይ ክፍሉ በፊደል ይጻፋል። ኤን የተባለው ከ16 እስከ 32 ዲግሪ ላለ ክፍል፣ ቲ ከ16 እስከ 43፣ ኤስኤን ደግሞ ከ10 እስከ 32 ላለ ክፍል የተሠራ ነው። ሱሉልታና ለገጣፎ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የወጥ ቤት ሙቀት ስንት እንደሚሆን የኖረበት ያውቀዋል። ክፍሉ ከ16 በታች ሲወርድ፣ አንድ ቴርሞስታት ብቻ ያለው ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ታችኛው ክፍል ስለቀዘቀዘለት ኮምፕረሰሩን ያሳርፋል፤ ላይ ያለው ሥጋ መላላት ይጀምራል። ሰው ጋዝ ጨረሰ ብሎ ባለሙያ ይጠራል። ብርዳማ ሰፈር ያላችሁ ኤስኤን የሚለውን ፈልጉ።

ስለ ትልቅነቱ ብዙ አልልም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጡ ድንችና ቃሪያ ብቻ እየተንከባለለበት መብራት የሚቆጥር ፍሪጅ ለፋሲካ ሳምንት ብሎ መግዛት ለእኔ አይዋጥልኝም።

መጥቶ ከተቀመጠ በኋላ፦ ተኝቶ ተጭኖ ከሆነ ቢያንስ ግማሽ ቀን ቆሞ ይረፍ፣ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቦታው ይመለስ። ከግድግዳው አንድ ጋት ራቅ ይበል። የበሩ ጎማ ላይ የብር ኖት አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት፤ ያለ ትግል ከወጣ ጎማው ቅዝቃዜ ያስወጣል። በረዶ ውስጥ የተጣበቀ ሥጋ በቢላ አትፈልቅቁ። እኛ ቤት የመጀመሪያው ፍሪጅ የሞተው እንዲህ ነው፤ ቢላው ቱቦውን በሳው፣ ጋዙ ፉጨት አሰምቶ ሄደ።

ጋርድ ወይስ ስቴብላይዘር?

ጋርድ ጠባቂ ብቻ ነው። ቮልቱ ከተወሰነ መጠን ሲያንስ ወይም ሲበዛ ይቆርጣል፤ ሲስተካከልም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል። ይህ መቆየቱ ለፍሪጅ ትልቅ ነገር ነው፤ መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሳይረጋ ቢነሳ ይጨናነቃል፣ ይቃጠላል። ስቴብላይዘር ደግሞ ያነሰውን ከፍ፣ የበዛውን ዝቅ አድርጎ ዕቃው እንዳይቋረጥ ያደርጋል። ውድ ነው፣ ይሞቃል፣ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ዕቃው ባይሠራም ራሱ ትንሽ ይበላል።

ምርጫውን የሚወስነው ያ የሳምንት መዝገባችሁ ነው። ቮልታችሁ ደህና ሆኖ መብራት ብቻ የሚመላለስ ከሆነ ጋርድ ይበቃል፣ ብር አታባክኑ። ምሽት ምሽት 180 እና ከዚያ በታች የሚያሳይ ከሆነ ግን ጋርዱ ፍሪጁን ሌሊቱን ግማሽ አጥፍቶት ያመሻል፤ ያኔ ስቴብላይዘር ነው መፍትሔው። ስትገዙ የሚቀበለውን ዝቅተኛ ቮልት አንብቡ፤ ቤታችሁ ከሚያየው ዝቅተኛ ማነስ አለበት። ፍሪጅ ሲነሳ ለቅጽበት ከተለመደው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ዋቱን ብቻ አይታችሁ ትንሹን አትውሰዱ፤ እኔ ለአንድ ፍሪጅ ከ1000 ቪኤ (ስቴብላይዘር ላይ የሚጻፈው የአቅም መለኪያ) በታች አልገዛም።

ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ ጀርባቸውን እዩ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ ማነሱ አያስጨንቃቸውም፣ ስቴብላይዘር አይፈልጉም። የሚገድላቸው የበዛው ነው። አምፖላችሁ በድንገት ከልክ በላይ ቦግ ካለ የሰፈሩ መስመር ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ወደ ቤት የሚገባው እስከ 380 ሊደርስ ይችላልና ሮጣችሁ ዋናውን ብሬከር አውርዱ።

አምፖል

ይሄኛው ቀላል ነው። አሮጌው ባለ ክር አምፖል 60 ዋት በልቶ የሚሰጠውን ብርሃን ኤልኢዲ በ8 ወይም 9 ዋት ይሰጣል። በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ፣ የቀድሞው በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት፣ ኤልኢዲው ከ1.5 በታች። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መብራት ኃይል አሮጌ አምፖል ተቀብሎ የሰጠን ያ ጥምዝምዙ ቆጣቢ በጊዜው ጥሩ ነበር፤ ዛሬ የምገዛበት ምክንያት አይታየኝም። ውስጡ ጥቂት ሜርኩሪ ስላለ ቢሰበር መስኮት ክፈቱ፣ ስብርባሪውን በእጅ አትንኩት።

ኤልኢዲዎቹ እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። ካርቶኑ ላይ ከ85 እስከ 265 ቮልት የሚለው ምሽት ላይ አይፈዝም፣ አይርገበገብም፤ ከ220 እስከ 240 ብቻ የሚለው ለዳር ሰፈር አይሆንም። ጥብቅ ብሎ በተዘጋ የመስታወት ክዳን ውስጥ አትክተቱት፤ ኤልኢዲን የሚጨርሰው ሙቀት ነው። ማጥፊያውን አጥፍታችሁት በጨለማ ጭል ጭል የሚል ከሆነ አምፖሉን አትቀይሩ፤ ብዙ ጊዜ ማጥፊያው ፋዙን (ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሽቦ) ትቶ ኒውትራሉን ሲቆርጥ የሚመጣ ነው፣ ያ ደግሞ አምፖል ሲቀይሩ ይነዝራል። ቻርጅ የሚይዘው አምፖል አንድ ለመተላለፊያ፣ አንድ ለወጥ ቤት በቂ ነው፤ ባትሪው እያረጀ ስለሚሄድ ቤቱን ሁሉ በእሱ አትሙሉት።

ሻወርና ምድጃ

በቅጽበት የሚያሞቀው የሻወር ማሞቂያ 5500 ዋት ከሆነ 25 አምፔር ይስባል፤ ባለ 6 ካሬ ሽቦና የራሱ ብሬከር ከሌለው አይሞከርም፤ ቮልቱ ሲወርድም ለብ ያለ ውሃ ነው የሚሰጣችሁ። ባለ 50 ሊትሩ ቦይለር በ1500 ዋት ቀስ ብሎ በሁለት ሰዓት ገደማ ያሞቃል፣ ሌሊት ሊሠራ ይችላል። ለዚህ ሰፈር ቦይለሩ ይሻላል፤ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ግን ባዶውን አታብሩት፣ ማሞቂያው ወዲያው ይቃጠላል።

ምድጃን በተመለከተ፣ ኢንዳክሽኑ ፈጣን ነው፤ ሙቀቱ በቀጥታ ድስቱ ላይ ነው የሚያርፈው። ድስታችሁ ላይ ማግኔት ካልተጣበቀ አይሠራም፤ የአልሙኒየም ድስቶቻችን በሙሉ ውጭ ናቸው። ከፍታችን ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነውና ባቄላና ሥጋ በየትኛውም ምድጃ ይዘገያል፤ የኤሌክትሪክ ፕሬዠር ኩከር እዚህ ላይ ከሁሉም ይልቃል፣ የሚስበውም 1000 ዋት ገደማ ነው። እኛ ባለ ሽቦውን ጨምሮ ሦስቱንም ሞክረን ኢንዳክሽኑንና ፕሬዠር ኩከሩን ይዘን ቀረን። ባለ ሽቦዋን አሮጌ ምድጃ ልጥል ስል ባለቤቴ ከእጄ ቀማችኝ፤ ጀበና ሸክላ ነው፣ ኢንዳክሽን አያውቀውም።