ጥላሸት ቀብተው «አንቲክ» ነው ብለው ሸጡልኝ

እዚህ እንግሊዝ ያላችሁና አሮጌ የሸክላ ዕቃ የምትወዱ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ደሜ እየፈላ ነው የምጽፈው።

የአንቲክ ገበያ ሻጮችን ታውቋቸዋላችሁ። መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ዕቃውን ስታነሱ ጠጋ ብለው «ዓይን አለሽ» ይላሉ። ያነሳሁት ስሊፕዌር የሚባለውን ሳህን ነበር። ቀይ ሸክላ ላይ ቀጠን ያለ ነጭ ጭቃ በመስመር በመስመር ያፈሱና፣ ሳይደርቅ በሹል ነገር እየጎተቱ የላባ ጥለት ያወጡበታል። ከላይ የሚቀባው፣ እርሳስ የሚባለው ብረት ያለበት ቅብ ነጩን ወደ ቢጫ ይለውጠዋል። በጣም ያምራል።

«ስታፎርድሺር፣ 1760 አካባቢ» አለኝ ሻጩ፤ በሸክላ ሥራ የታወቀ የእንግሊዝ አውራጃ ነው። ገልብጦ ጀርባው ላይ ያለውን ጥላሸት አሳየኝ። የዚያ ዘመን ሳህኖች ምድጃ ስለሚገቡ፣ ጀርባቸውም ስለማይቀባ፣ በእርግጥም ይጠቁራሉ። 380 ፓውንድ ከፈልኩ።

ቤት ገብቼ ጀርባውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት። ጥቁሩ ሁሉ እንደ ኩል ለቀቀ። ከሥሩ አዲስ፣ ብርቱካናማ ሸክላ ብቅ አለ። ፊቱ ላይ ደግሞ አንድ የቢላ ጭረት እንኳ የለም።

ይዤው ተመለስኩ። ሰውዬው ቀና ብሎም አላየኝ። መነጽሩን አጥልቆ፣ አጠገቡ ያለችው ረዳቱ እንድትሰማ ደረሰኙን ጮክ ብሎ አነበበው። «የሸክላ ሳህን፣ አንድ።» አጥፎ በሁለት ጣቱ መለሰልኝ። «1760 የሚል የታለ? እኔ ያልኩት በዚያ ዘመን ስልት የተሠራ ነው።» ሴትዮዋ ሳቀች። «አገርሽ ሸክላ የለም እንዴ?» አለችኝ።

እኔ ጀበናና ምጣድ እያየሁ ነው ያደግኩት! እሳት ላይ የኖረ ሸክላ ጥላሸቱን እንዴት እንደሚይዝ ማንም አይነግረኝም።

ከገንዘቡ በላይ የሚያንገበግበኝ ሳህኑ የጥሩ ባለሙያ ሥራ መሆኑ ነው። እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ማይክል ካርዲው እ.ኤ.አ. በ1926 ዊንችኮምብ የምትባል ከተማ ገብቶ ይህን ሙያ እንደገና አነሳው። ዛሬም የሚሠሩት አሉ፤ አዲስ መሆኑን ተናግረው በግልጽ ይሸጣሉ። የእንደነዚህ ዓይነቱን ሰው ልፋት ነው ጥላሸት የቀቡት።

ስትገዙ ዘመኑንና ቦታውን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ጀርባውን እዚያው በእርጥብ ሶፍት ሞክሩት። ሻጩ ነጋዴ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ ዕቃው እንደተባለው መሆን አለበት ይላል። ካልሆነ በ30 ቀን ውስጥ መልሳችሁ ገንዘባችሁን መጠየቅ ትችላላችሁ። በአሮጌውም ቢሆን ምግብ አታቅርቡበት፣ ቅቡ ውስጥ ያለው እርሳስ መርዝ ነው።

እኔ የክስ ፎርሙን እየሞላሁ ነው። ያ ጨርቅም ሳይታጠብ ተቀምጧል።