በደብረ ማርቆስ የገዛሁት የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግስ መልመጃ

ለአራተኛ ክፍል ልጄ ደብረ ማርቆስ ከሚገኝ አንድ መጽሐፍ መደብር የገዛሁት ይህ መልመጃ፣ የአኳኋን፣ የጊዜ፣ የቦታና የድግግሞሽ ተውሳከ ግሶችን፣ ማለትም ግስን የሚገልጹ ቃላትን፣ ለየብቻ ያስተምራል። ከሁሉ ያስደሰተኝ የቃላቱን ቦታ የሚያስረዳበት መንገድ ነው፤ በአማርኛ «ቀስ ብሎ ሄደ» ስንል ገላጩ ከግሱ ይቀድማል፣ በእንግሊዝኛ ግን «ሂ ዎክድ ስሎውሊ» ተብሎ አብዛኛውን ጊዜ ከግሱ በኋላ ስለሚመጣ፣ ልጆቻችን በብዛት የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው። «ኦልዌይስ» (ሁልጊዜ) ከዋናው ግስ በፊት፣ ከ«ኢዝ» (ነው) ግን በኋላ እንደሚገባም በግልጽ ያሳያል። ቅር ያሰኘኝ ቅጽልን ተውሳከ ግስ ለማድረግ መጨረሻው ላይ የሚጨመረውን «ሊ» የተባለውን ድኅረ ቅጥያ የማይሻር ሕግ አስመስሎ ማቅረቡ ነው። «ፋስት» (ፈጣን) ሳይለወጥ እንደሚያገለግል፣ «ጉድ» (ጥሩ) ደግሞ ወደ «ዌል» እንደሚለወጥ ስላልጻፈ፣ ልጄ «ፋስትሊ» ብላ ጽፋ ባገኘኋት ጊዜ ሁለቱን በደብተሯ ላይ ራሴ ጨምሬላታለሁ።