ኪኖቪያ፦ የሩጫ ስልትን በቪዲዮ ለማረም፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ አሰልጣኞች

አሰልጣኝ መም ዳር ቆሞ «ጉልበትህን አንሳ!» እያለ ሲጮህ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ጉልበቱ ጋ አይደለም። እግሩ ከዳሌው ርቆ ፊት ለፊት ያርፍና ራሱ ሯጩን ያግደዋል። በረጅም ርቀት ሩጫ እግር መሬት ላይ የሚቆየው የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሆነ ዓይን ይህን አይዘውም። ኪኖቪያ የተባለው ሶፍትዌር እዚህ ላይ ዋጋ አለው። ነፃ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። የሚሠራው ግን ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው፤ ላፕቶፕ የሌለው ክለብ አይጠቀምበትም።

ውጤቱን የሚወስነው ግን ከሶፍትዌሩ ይልቅ ቀረጻው ነው። በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ከተቀረጸ፣ በሰከንድ 5 ሜትር የሚሮጥ ልጅ በሁለት ፍሬሞች መካከል 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ እግሩ ያረፈበት ቅጽበት ሊያመልጥ ይችላል። በ240 ፍሬም ልዩነቱ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስልኩን በዳሌ ከፍታ፣ ከመሮጫው መስመር 8 እስከ 10 ሜትር ርቆ፣ በትክክል በጎን በኩል አቁሙት፤ ሯጩን እየተከተላችሁ አታዙሩት። ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፉ፤ ሰፊ ቁምጣ መገጣጠሚያውን ይሸፍናል። የ2 ሜትር ዘንግ ሯጩ በሚያልፍበት መስመር ላይ አጋድማችሁ ቅረጹ። ለካሜራው ቀርቦ ወይም ርቆ ከተቀመጠ ልኬቱ ሁሉ ይዛባል።

ቀጥሎ ኪኖቪያ ላይ በዘንጉ ልክ መስመር ስላችሁ 2 ሜትር መሆኑን ንገሩት። ሦስት ነጥብ በመጫን የጉልበት ማዕዘን ይወጣል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ጊዜው ላይ ነው። ስልኩ ስሎው ሞሽኑን በ30 ፍሬም የሚጫወት አድርጎ ካስቀመጠው፣ ቀረጻው 240 እንደነበር በቅንብሩ ካልተሞላ በሰከንድ 5 ሜትር የሮጠው 0.6 ሜትር ሆኖ ይነበባል።

ምርጡ ነገሩ ሁለት ቪዲዮ ጎን ለጎን ማጫወቱ ነው። የአንዱን ልጅ የመጀመሪያና የመጨረሻ ዙር እግሩ በሚያርፍበት ፍሬም ላይ አገጣጥሙ፤ ድካም ሲመጣ ዳሌው እንዴት እንደሚወርድ ራሱ ያየዋል። ከታዋቂ አትሌት ቪዲዮ ጋር ማወዳደርን አንመክርም፤ ቁመቱም ፍጥነቱም የካሜራው አቅጣጫም ይለያል።

ፕላስተሩን ከፍሬም ፍሬም የሚከተለው የሶፍትዌሩ ነጥብ መከታተያ ደካማ ነው። እጅ የዳሌውን ፕላስተር በጋረደ ቁጥር ይስታል፤ ፍሬም በፍሬም በእጅ መመለስ ግድ ይላል።

ደሴ ላይ ሜዳው ተዳፋት ከሆነ ስልኩን ከመሬቱ ጋር አታዘንብሉት፤ የሰውነቱ ማዘንበል የተሳሳተ ሆኖ ይታያል። ጉም ባለበት ጠዋት 240 ፍሬም ጨለማ ምስል ስለሚሰጥ ብርሃን እስኪጠራ ጠብቁ። ቪዲዮውን በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ በፋይል መልክ ላኩት፤ አለበለዚያ ተጨምቆ ፕላስተሩ ይደበዝዛል።