ከዴንቨር ወደ በረዶው፦ በባቡር ወይስ በመኪና?

በፈረንጆቹ ገና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች "በረዶ ላይ ውሰዱን" ማለታቸው አይቀርም። ለዴንቨር ሐበሻ ቤተሰብ ሁለት ጥሩ ምርጫ አለ፦ በአምትራክ ባቡር ወደ ዊንተር ፓርክ የበረዶ መንሸራተቻ፣ ወይም በመኪና በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ተራራማዋ ፍሪስኮ ከተማ።

ወጪ፦ ባቡሩ የሚከፈለው በሰው ነው። መኪናው ውስጥ አራትም ሁኑ ሰባት ቤንዚኑ ያው ነው።

መንገድ፦ ባቡሩ ከዩኒየን ስቴሽን ተነስቶ፣ በ1928 የተከፈተውን 10 ኪሎ ሜትር የሚሆን የሞፋት ዋሻ አልፎ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ተጉዞ መንሸራተቻው ደጃፍ ያወርዳችኋል። ሌላ ጊዜ መኪናውን የሚነዳውም ሰው በመስኮት ያያል። አይ-70 ግን ቅዳሜ ጠዋት ሲወጡበት፣ እሁድ ከሰዓት ሲመለሱበት ጉድ ነው። ጎማችሁ ለበረዶ ብቁ ካልሆነ ቅጣትም አለ። የጎማ ሰንሰለት መያዝ አይከፋም።

ነፃነት፦ እዚህ መኪናው ይበልጣል። ባቡሩ በየቀኑ አይሄድም፤ ልጅ ቢያለቅስም የመመለሻውን ባቡር መጠበቅ ነው። ደግሞ ወቅቱ የነቢያት ጾም ነው። ተራራ ላይ የጾም ምግብ ከመፈለግ ሽሮና እንጀራ ጭኖ መሄድ ይሻላል።

ከፍታ፦ ሁለቱም ከ2,700 ሜትር በላይ ናቸው። አዲስ አበባ ያደገም ሰው ትንሽ ያለከልካል፤ ውሃ ጠጡ።

አያት ይዛችሁ ከሆነ ወይም በበረዶ መንዳት ካስፈራችሁ ባቡሩን ያዙ። ሕፃናት ካሏችሁና ጎማ ላይ ተቀምጦ መንሸራተት ብቻ ከበቃችሁ ፍሪስኮ ይመቻል፤ ቦታውን ቀድማችሁ ያዙ፣ በሳምንቱ መካከልም ሂዱ።